በወተትና በቅቤ መካከል

ብዙ ሰው ቅቤ ሲናጥ የሚፈጠር ይመስለዋል። አይፈጠርም፤ እዚያው ነበረ። ወተት ውስጥ ያለው ቅባት እጅግ ደቃቅ ጠብታ ሆኖ፣ እያንዳንዱ ጠብታ ቀጭን ልብስ ለብሶ ይንሳፈፋል። ልብሱ ከተሠራባቸው ነገሮች አንዱ ፕሮቲን ነው። ቅሉ የሚናጠው ይህን ልብስ ለመቅደድ ነው፤ ሲቀደድ ጠብታዎቹ ይያያዛሉ፣ ቅቤ ይሆናሉ። እንግዲህ የነገሩ ቁልፍ ያለው ቅባቱና ውሃው በሚዋሰኑባት ድንበር ላይ ነው።

እንጀራዬ እንዲህ ያለውን ድንበር በብርሃን መመርመር ነው። የፕሮቲን አተሞች እንደ ክራር ጅማት ይርገበገባሉ። ዓይን የማያየውን ታሕተ ቀይ ብርሃን ስንልክባቸው ከርግብግቢታቸው ጋር የሚስማማውን መርጠው ይውጣሉ። የተጠማዘዘ ፕሮቲን የሞገድ ቁጥሩ 1650 ገደማ የሆነውን፣ እንደ ንጣፍ የተዘረጋው ደግሞ 1630 ገደማ የሆነውን ይውጣል። ከዚህ ተነሥተን ፕሮቲኑ እንዴት እንደታጠፈ እናውቃለን። ችግሩ ውሃ ነው። ውሃም 1640 አካባቢ ያለውን ይውጣል፤ የላም ወተት ደግሞ ከመቶ 87 ያህሉ ውሃ! በሠርግ ከበሮ መሐል ሹክሹክታ እንደ መስማት ነው።

ፕሮፌሰር ሼንና ባልደረቦቻቸው ካሊፎርኒያ በርክሌይ ውስጥ በ1987 እ.ኤ.አ. ያሳዩት ዘዴ ግሩም ነው። ሁለት የሌዘር ጨረሮች፣ አንዱ ታሕተ ቀይ፣ ሌላው የሚታይ፣ አንድ ቦታ ላይ ይገናኙና የሁለቱ ድምር የሆነ ሦስተኛ ብርሃን ይወለዳል። ከፈሳሹ መሐል ሞለኪውሎች ወዲያም ወዲህም ስለሚዞሩ አንዱ የሌላውን ያጠፋል። ድንበሩ ላይ ግን ፊታቸውን ወደ አንድ ወገን ያዞራሉና ብርሃኑ የሚመጣው ከዚያች ከስሱዋ ሽፋን ነው።

ይህን ሁሉ ከጣራ ገዳም ግርጌ ለምትኖረው አክስቴ ባወራላት፣ «ታዲያ ጆሮ የላችሁም?» አለችኝ። እሷ ቅቤው መውጣቱን የምታውቀው በቅሉ ድምፅ ነው። ሙቀት ሲበረታ ቀዝቃዛ ውሃ ጠብ ታደርጋለች፤ ቅባቱ ከላላ እንደማይሰበሰብላት ታውቃለችና። አሬራውን እሳት ላይ ስትጥደው ደግሞ ፕሮቲኑ ተፈትቶ እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ አይብ የምንለው እሱ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ላሟ ናት። ርብና ጉማራ በክረምት የሚያጥለቀልቁት ሜዳ የፎገራ ላም አገር ነበር፤ በወተቷ የታወቀች ላም። አሁን ሜዳው ሩዝ ነው። ወረታም የሩዝ ምርምር ማዕከል አላት። ገበሬውን ማን ይወቅሰዋል? ሩዝ ቤት አስቆርቁሯል፣ ልጅ አስተምሯል። የግጦሹ መሬት ግን ጠበበ፣ ላሟም ከሌላ ዘር ጋር ተዳቀለች። መሣሪያው እስኪደርስላት ዘሯ ከጠፋ የዚያን ወተት ድንበር ማንም አያነበውም።

አክስቴ የቀረቻት አንዲት ላም ናት። ባለፈው ታኅሣሥ ከወተቷ ጥቂት በጠርሙስ ቀድቼ በረዶ ውስጥ ስከትት ቆማ አየችኝ።

«አንተ ልጅ፣ ቅቤውን ሳላወጣለት ልትወስደው ነው?»