በጓሮ በር የወጣን ዕለት

ስለ ጫት የተጻፈ ነገር ሲመጣ አንባቢ «ደግሞ ሊመክሩን ነው» ብሎ ገጹን እንደሚገለብጥ እናውቃለን፤ እኛም እንዲሁ እናደርግ ነበርና። ምክር ለመስጠት የሚያበቃ ፊት ግን የለንም።

የቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በዲላ ምን እንደሚመስል ለእናንተ መንገር አያሻም። ከግቢው በር ጥቂት እንደ ተራመዱ ፎቶ ኮፒ ቤት፥ ሻይ ቤት፥ ጫት ቤት፤ እንደገና ፎቶ ኮፒ ቤት፥ ጫት ቤት። ቅጠሉ በኮባ ተጠቅልሎ በጥድፊያ ይመጣል። ጥድፊያው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ካቲኖን የተባለው የሚያነቃቃው ነገር ቅጠሉ ከተቀነጠሰ በኋላ በሁለት ቀን ገደማ ኃይሉን ያጣልና።

እኛ የአንድ መኝታ ክፍል ስድስት ልጆች የገባንበት በፈተና ሰበብ ነበር። በእውነትም በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች አጠናን፤ ቢያንስ መጽሐፉ ተገልጦ ነበር። ኋላ ግን ምርቃናው እንቅልፍ ሲከለክለን ጨብሲ ፈለግን፤ ጨብሲው ደግሞ ከጧት ትምህርት አስቀረን። የሺሻው ዕቃ መቼ እንደ ተጨመረ አንዳችንም አናስታውስም።

የምንቅምበት ቤት ባለቤት ባላቸው የሞተባቸው ሴት ነበሩ፤ እትዬ እንላቸዋለን። ቀድሞ ክፍሉን ለተማሪ ያከራዩ ነበር። ምንጣፍ ቢያነጥፉበት የበለጠ እንደሚያተርፉ የነገርናቸው እኛው ነን።

አንድ ቀን ፖሊሶች መጡ። እኛ በጓሮ በር ወጥተን በእንሰቱ መካከል ሮጥን፤ ከመካከላችን ሁለቱ የሕግ ተማሪዎች ናቸው። እትዬ ግን ወዴት ይሩጡ? ቤታቸው ነው። የሺሻው ዕቃ መንገድ ላይ ተሰባበረ፤ እሳቸውም ተያዙ። የስድስተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጃቸው በር ላይ ቆማ ስትመለከት ከአጥር ማዶ አየናት።

ያን ማታ የሕግ ተማሪዎቹ ጓደኞቻችን አዋጁን ገለጡ። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፅ የሚያመርተውን፥ የሚያዘዋውረውንና የሚጠቀመውን ይቀጣል። የ2011 ዓ.ም. የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የሺሻን ንግድ ከልክሏል። ጫትን ግን የ2004 ዓ.ም. አዋጅ በኪሎ 5 ብር ኤክሳይስ ታክስ ጣለበት እንጂ አልከለከለውም። ስለዚህ በአንድ እጃችን ግብር የተጣለበት ቅጠል፥ በሌላው ሕግ የከለከለው ቧንቧ ይዘን እንቀመጥ ነበር ማለት ነው። በዚህ ሳቅን።

ያልሳቀው የጌዴኦ ገበሬ ልጅ የሆነው ጓደኛችን ብቻ ነበር። ጎረቤታቸው ቡናውን ነቅሎ ጫት መትከሉን ነገረን። ቡና በዓመት አንድ ጊዜ ይለቀማል፤ ጫት ግን ደጋግሞ ይቀነጠሳል፤ ገበሬው ምን ያድርግ? እንሰቱ፥ ቡናውና ትልልቁ ዛፍ ተደራርበው የሚበቅሉበት የጌዴኦ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲገባ በደስታ ጨፍረን ነበር። ማታውን ደግሞ ቃምን።

እትዬ ከቀናት በኋላ ተለቀቁ። ገንዘብ አዋጥተን ሄድን። በር ላይ ሆነው «ደኅና ናችሁ ልጆቼ?» አሉን፤ ይህ ከስድብ ይልቅ ከበደን። ገንዘቡን አልተቀበሉም። «ክፍሉን የሚከራይ ተማሪ ፈልጉልኝ» አሉን።

ሁለቱ ጓደኞቻችን ከዚያው ሰፈር ሌላ ቤት አግኝተዋል፤ ይጠሩናል። አንደኛው በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ተባርሮ ወደ አገሩ ሄደ፤ እናቱ ስልክ ሲደውሉ ተራ በተራ እንሸሻለን። ተከራይ ግን እስካሁን አላገኘንም። ከአንባቢያን መካከል ክፍል የሚፈልግ ቢኖር ለመጽሔቱ አዘጋጆች ይንገር። ውኃ አለው፤ ምንጣፉም ተነሥቷል።