ማሲንቆ ሲሰቀል

ኪነ ጥበብ ድንበር የላትም ሲባል እንሰማለን። አባባሉ ለጆሮ ይጥማል፤ በየመድረኩም ያስጨበጭባል። ነገር ግን ዜማ ድንበር ባይኖራት እንኳ ዜማዪቱ የምትደመጥበት አዳራሽ ባለቤት አለው፤ ባለቤቱም ድግሱን የሚደግስበት የራሱ ጉዳይ አለው። ስለዚህ «የት ልዝፈን?» ብሎ መጠየቅ «ምን ልዝፈን?» ብሎ ከመጠየቅ ያላነሰ የጥበብ ሰው ግዴታ ነው ብዬ አምናለሁ።

ይህን ጥያቄ በዘመናችን አጥብቆ ያነሣው የፍልስጥኤም ጉዳይ ነው። በሚያዝያ 1996 ዓ.ም. የፍልስጥኤም ምሁራንና የጥበብ ሰዎች፣ የዓለም ባልደረቦቻቸው ከእስራኤል የትምህርትና የባህል ተቋማት ጋር እንዳይተባበሩ የሚጠይቅ የዕቀባ ዘመቻ በራማላ መሠረቱ። በሐምሌ 1997 ዓ.ም. ደግሞ የፍልስጥኤም ሕዝባዊ ማኅበራት ጥሪውን አሰፉት። ከዚያ ወዲህ ወደ እስራኤል የሚጓዝ ስመ ጥር ሙዚቀኛ ሁሉ «አትሂድ» የሚል ደብዳቤ ይደርሰዋል። ኤልቪስ ኮስቴሎ በ2002 ዓ.ም.፣ የኒውዚላንዷ ሎርድ በ2010 ዓ.ም. እዚያ የያዙትን ዝግጅት ሰረዙ። ራዲዮሄድ በ2009 ዓ.ም.፣ ኒክ ኬቭ በ2010 ዓ.ም. ጥሪውን ሳይቀበሉ ሄደው ተጫወቱ። በአንድ አገር መጫወት የዚያን አገር መንግሥት መደገፍ አይደለም የሚለው የራዲዮሄድ መልስ በቀላሉ የሚጣል አይደለም።

ከመስከረም 26 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ጥያቄው በደም ተጽፏል። በዚያች ዕለት በእስራኤል ከተገደለው ወደ 1,200 የሚጠጋ ሰው ውስጥ ከ300 የሚበልጡት ለሙዚቃ በዓል የተሰበሰቡ ነበሩ። ተከትሎ በመጣው ጦርነት በጋዛ ያለቀው ሕዝብ፣ የጋዛ ጤና ሚኒስቴር እንደሚለው፣ ከ60,000 በልጧል። በ2018 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ከ400 የሚበልጡ ሙዚቀኞችና አሳታሚዎች ሥራቸው በእስራኤል ውስጥ እንዳይደመጥ ለማገድ በአንድነት ተነሡ።

እኔ ነገሩን ከላስታ ደጋ ሆኜ ስመለከተው ባዕድ ሆኖ አይታየኝም። ከድልብ ወደ ላሊበላ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በኩልመስክ፣ በአንድ የገበያ ቀን ማታ፣ ከአንድ ሽማግሌ አዝማሪ ጋር ስንጨዋወት «አያ፣ ተጠርተው እምቢ ያሉበት ቤት አለ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «አለ እንጂ» አሉኝ ማሲንቆአቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው። «ደም ሳይደርቅ ሠርግ የደገሰ ሰው ነበር። የሟች እናት ከወንዙ ማዶ ናት። የኔ ማሲንቆ ከዚህ ሲጮህ እዚያ ይሰማል። እኔ ያን ቀን ብጫወት ልጇን ሁለተኛ ገደልኩባት ማለት አይደለም?» ምን ቀረብዎት ስላቸው ሳቁ። «አንድ ጠቦትና የዓመቱ ገብሴ ቀረ። ሚስቴም ተቆጣች። ግን ልብ በል ልጄ፤ ኋላ የሰውየው አባት ሲሞት ልቅሶ ደርሻለሁ፤ ማሲንቆዬን ቤት ሰቅዬ። እምቢ ያልኩት ድግሱን ነው እንጂ ሰውነቱን አይደለም።»

በእኔ አስተያየት የባህል ዕቀባ ትርጉሙ ከነክብደቱ በዚህ ንግግር ውስጥ ተጠቃሏል። ያገራችን ሽማግሌ ሕግ አፍራሹን ከማኅበር ሲያስወጣ፣ «እሳት እንዳትጭሩለት» ሲል፣ ዓላማው ሰውየውን ከምድር ማጥፋት ሳይሆን ወደ ዕርቅ አደባባይ ማምጣት ነው። ደሙ የደረቀ ዕለት እሳቱም ይጫራል፣ ማሲንቆውም ይወርዳል። ፍጻሜው ያልታወቀ ማግለል ግን ቂም ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ጨቋኞች የዜማን ጉልበት ከእኛ ይልቅ ጠንቅቀው ያውቃሉ። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ግራዚያኒ ወደ ሮም በላከው መልእክት፣ እየዞሩ ወሬና ተረት በዜማ የሚያሰሙ ሰዎች ከጠንቋዮች ጋር እየተያዙ እንዲረሸኑ ማዘዙን አስታውቋል። ባለ ማሲንቆ ጠመንጃ ሳይይዝ የተገደለው፣ ፋሺስቱ በሕዝብ ልብ ውስጥ የሚፈልገውን ዝምታ ስለሚሰብርበት ነበር። ዜማ ዝም ሲባል ካስገደለ፣ ለጌታ ሲዘፈን ደግሞ ለጌታው ማገልገሉ አያጠራጥርም።

አገራችን በዓለም አደባባይም ቢሆን ለዚህ ጉዳይ እንግዳ አይደለችም። በ1953 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ላይቤርያ ደቡብ አፍሪካን በናሚቢያ ጉዳይ በዓለም ፍርድ ቤት ከሰሱ፤ ፍርድ ቤቱም በሐምሌ 1958 ዓ.ም. ከሳሾቹ በነገሩ የሚያገባቸው አይደሉም ብሎ መለሳቸው። የሕግ በር ሲዘጋ ሌላ በር መፈለጉ አይቀርም። የደቡብ አፍሪካዋ ሚርያም ማኬባ በግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲመሠረት አዲስ አበባ መጥታ ዘፈነች፤ ወዲያው በሐምሌ በተባበሩት መንግሥታት ኮሚቴ ፊት ቀርባ በአፓርታይድ ላይ መሰከረች። ዋጋዋ ዜግነቷ ሆነ፤ ሸክላዎቿም ባገሯ ታገዱ። በኅዳር 1961 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ከዘረኛው አገዛዝ ጋር የሚደረግ የባህል፣ የትምህርትና የስፖርት ልውውጥ እንዲቋረጥ ጠየቀ። ከአገዛዙ ውድቀት በፊት ሃያ ዓመት የሚያልፍ «አልዘፍንም» እና «አልጫወትም» ተባለ። ውድቀቱን ያመጣው ይህ ብቻ ነው የሚል የለም፤ አገዛዙን ግን ከሰለጠነው ዓለም ማዕድ አስነሥቶታል።

የእኛንም ዋጋ የሚያስታውስ ያስታውሰዋል። ደቡብ አፍሪካ ሄዶ የተጫወተው የኒውዚላንድ ራግቢ ቡድን አገር ከውድድሩ አልታገደም በማለት፣ በሐምሌ 1968 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ጋር የሞንትሪያልን ኦሊምፒክ ጥላ ወጣች። የሶዌቶ ተማሪዎች ደም ከፈሰሰ ገና አንድ ወር መሆኑ ነበር። በሙኒክ የነሐስ ሜዳልያ ያገኘው ምሩጽ ይፍጠር በጉልበቱ ማለዳ ሳይሮጥ ቀረ። እርሱ በሐምሌ 1972 ዓ.ም. በሞስኮ በ5,000ና በ10,000 ሜትር ሁለት ወርቅ አግኝቶ ተካሰ። ይሁን እንጂ ከዚያ በኋላ በ1976 ዓ.ም. ከሎስ አንጀለስ፣ በ1981 ዓ.ም. ከሴኡል ስንቀር፣ የማራቶንን የዓለም ክብረ ወሰን የያዘው በላይነህ ዲንሳሞ የሴኡልን ጎዳና አልረገጠም። የመጀመሪያው መቅረት የተገፋ ሕዝብ ጥሪ ነበር፤ የኋለኞቹ የታላላቅ መንግሥታትና የወዳጆቻቸው ፀብ ነበሩ። የሯጩ ዕጣ ግን ያው አንድ ነው። እንግዲህ ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን፤ «ማን ነው የሚጠራኝ?» ብሎ መጠየቅ እንደሚገባ፣ ዋጋውንም የሚከፍለው ዘወትር ጥሪውን ያወጀው እንዳልሆነ።

ለኢትዮጵያዊ ድምፃዊ ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። የእኛ ዘፋኝ ወደ ቴል አቪቭ ሲጓዝ አብዛኛውን ጊዜ የሚዘፍነው አማርኛውንና ትዝታውን ለሚናፍቁ ቤተ እስራኤላውያን ነው። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ብቻ ከ14,000 የሚበልጡት በአንድ ቀን ተኩል ገደማ በአውሮፕላን ተወስደዋል። እነርሱም በ2007ና በ2011 ዓ.ም. የፖሊስን ዱላና የቆዳ ቀለም አድልዎን በመቃወም አደባባይ ወጥተዋል። ታዲያ ለእነዚህ ወገኖች አትዝፈን ማለት ተገቢ ነውን? የዘመቻው ሰዎች የመድረክ ሥራ በሙሉ ይቅር ይላሉ። እኔ ግን ከኩልመስኩ አዝማሪ ጋር ድግሱን ከልቅሶው እለያለሁ። መንግሥት ወይም የመንግሥት ገንዘብ ያቆመው በዓል፣ የአገርን ገጽታ ለማሳመር የተዘጋጀ መድረክ፣ የሟች እናት ከማዶ የምትሰማው ሠርግ ነው፤ እምቢ ሊባል ይገባል። ስደተኛ ወገን በራሱ መዋጮ ለሐዘኑና ለናፍቆቱ የሚሰበሰብበት ቤት ግን ሌላ ነው። ወሰኑ ቀጭን መሆኑ፣ ሁለቱም በአንድ አዳራሽ ሊገናኙ መቻላቸው፣ ወሰን የለም አያሰኝም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ከራስ ደጅ ያለው ነው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ላስታ ሲደርስ፣ በ2014 ዓ.ም. ላሊበላ ከእጅ ወደ እጅ ስትለዋወጥ፣ በየወገኑ የቀለጠው ፉከራ ስንቱን ወጣት ወደ ምሽግ እንደነዳ የማያውቅ የለም። ስለ ጋዛ ሕፃን እያለቀሰ ባገሩ መድረክ የወንድሙን ሞት የሚያሞግስ ዘፋኝ ቢኖር፣ የሩቁ እምቢታው ጌጥ እንጂ አቋም ሊባል አይችልም። ደግሞም የቅርቡን እያነሡ የሩቁን ጥሪ ማጣጣል የዳተኛ ብልሃት ነው። አንዱ እምቢታ ሌላውን ያስተምራል እንጂ አይተካውም።

እናንተ የባህል ሠራተኞች፣ መምህራንና የጥበብ ወዳጆች! በአንድ ሙዚቀኛ ላይ ፊርማ ከማሰባሰባችን በፊት፣ ጥሪው ከተገፋው ሕዝብ መምጣቱን፣ ዕቀባው በምን ሁኔታ እንደሚነሣ መነገሩን እንመርምር። ከዚያም ወደ ኪሳችን እንመለስ። አዝማሪው እምቢ ሲል ጠቦቱና ገብሱ ከራሱ ጎተራ ይጎድላል። «አትዝፈን» ያለ ማኅበር ያን ጉድለት ሊካፈል፣ ለእምቢተኛው ሌላ መድረክ ሊያዘጋጅለት ይገባል። ይህን ሳያደርግ ከሰው ማሲንቆ ላይ ክር የሚበጥስ፣ በሌላው ጾም የሚጸድቅ ነው።