ዝም ባለልን ጊዜ የት ነበርን?

ሕመሙ እኮ ዝም ብሎልን ነበር። ልባችን ረግቶ ነበር። እጃችን መንቀጥቀጡን ትቶ፣ እንቅልፋችን ተመልሶ፣ የጎደጎደው ጉንጫችን ሞልቶ ነበር። ያየን ሁሉ «እሰይ! አማረባችሁ» ይለን ነበር። ያን ጊዜ ምን ሠራንበት? ምንም። ዳንን ብለን ተነሣን። ሐኪም ቤቱን ረሳነው። የተረፈውን ክኒን ጣልነው። ዳናችሁ ያለን ማን ነው? ሐኪሙ አላለንም። ላብራቶሪው አላለንም። ራሳችን አልነው፤ ራሳችን አመንነው።

አሁን አገርሽቶብናል። እናም ያንገበግበናል።

እኛ የገዛ ሰውነታችን በታይሮይድ ዕጢያችን ላይ የዘመተብን ሰዎች ነን። ከወንዶች ይልቅ ሴቶች እንበዛለን፤ ያውም በብዙ እጥፍ። ከመካከላችን ግሬቭስ ያለብን አለን። ከበሽታ ሊጠብቀን የተፈጠረው የመከላከያ ኃይል ተሳስቶ፣ ዕጢው ላይ ተለጥፎ ቀን ከሌት «አምርት፣ አምርት» የሚል ፀረ እንግዳ አካል ያበጃል። ዕጢውም ይታዘዛል። ሆርሞኑ ደማችንን ያጥለቀልቀዋል። እየበላን እንከሳለን። በብርድ ያልበናል። ተቀምጠን ልባችን ይሮጣል። ሃሺሞቶ ያለብን ደግሞ አለን። የእኛ ዕጢ ቀስ በቀስ ይፈርሳል፤ ይበርደናል፣ ይከብደናል፣ ሐሳባችን ይፈዛል። የሁለቱንም ምልክቶች መድኃኒት ይገታቸዋል። ምልክቶቹ ተገቱ ማለት ግን ሕመሙ ጠፋ ማለት አይደለም። ይህን ስንት ጊዜ ነገሩን?

ገና ከመጀመሪያው ስንት ወር አባከንን! ስንከሳ «ያ በሽታ ይዟቸው ነው» ተባለ። እኛም ሐሜቱን ፈርተን ምርመራውን ሸሸን። ዓይናችን ሲፈጥ «ቡዳ ነው» ተባለ። አንገታችን ሲያብጥ «እንቅርት ነው፣ ከጨው ነው» ተባለ። የአያቶቻችን እንቅርት በአብዛኛው ከአዮዲን እጥረት የመጣ ስለነበር አባባሉ ከመሬት የተነሣ አይደለም። እነሱ አንገታቸውን ተነቀሱለት። ምን ያድርጉ? ሌላ ምን ነበራቸው? እኛ ግን ምርመራ እያለን፣ አዮዲን ያለበት ጨው ገዝተን ወጥ ውስጥ እየነሰነስን ተቀመጥን። ጨው ግሬቭስን ያድናል ያለን ማን ነው? ጨው እጥረትን ይከላከላል። የተሳሳተ የመከላከያ ኃይልን አይመልስም። ጠበል የገባንም አለን። በጠበል ጉዳይ ከማንም ጋር አንከራከርም፤ ጠበሉንና ክኒኑን አጣልቶ አንዱን ያስጣለን ግን የራሳችን ችኮላ እንጂ ጠበሉ አይደለም።

በ1984 ዓ.ም. ክረምት በባርሴሎና ኦሊምፒክ ደራርቱ ቱሉ 10,000 ሜትርን ስታሸንፍ ያልፈነጠዘ ማን ነበር? ነሐሴ 1 ቀን ነበር። ከዚያ ስድስት ቀን ቀደም ብሎ፣ በዚያው መሮጫ ላይ፣ ጌይል ዲቨርስ የተባለች አሜሪካዊት የ100 ሜትርን ወርቅ ወስዳለች። ግሬቭስ ነበረባት። ሕመሙ እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ ሲያደቅቃት ስሙ የታወቀላት በ1990 ነው። እግሮቿ አብጠውና ደምተው ሐኪሞች መቁረጥን እስከማሰብ ደርሰው ነበር። ከዚያ ተነሥታ ነው የሮጠችው። በሩጫ የምንኖር ሕዝብ ነን። የሯጮቻችንን ሰዓት በቃል እናውቃለን። የዚህችን ሴት ታሪክ ግን ማን ነገረን? እኛስ ማንን ጠየቅን? ሕመማችን ያን ጊዜ ስም ነበረው፣ ፊት ነበረው፣ ሜዳሊያ ነበረው። በአጠገባችን አለፈ። እኛ «ብስጭት ነው፣ ነርቭ ነው» እየተባባልን ሌላ ዘመን ፈጀን።

መድኃኒት የለም እንዳንል ደግሞ አለ። ኤድዊን አስትዉድ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ዕጢውን የሚገታ መድኃኒት ለሕሙማን ሰጥቶ ውጤቱን ያሳወቀው እ.ኤ.አ. በ1943 ነው። ከዚያ በፊት በሽተኛውን የሚጠብቀው በአመዛኙ የቀዶ ሕክምና ቢላዋ ነበር። ዛሬ ክኒን አለ። ፒቲዩ የምንለው አለ። ካርቢማዞልና ሜቲማዞል አሉ። ሕክምናው እንደ ሁኔታው ከ12 እስከ 18 ወር ነው። አንድ ዓመት ተኩል! ለአንድ ዕቁብ ከዚያ በላይ ታግሰን የለ? ለኮንዶሚኒየም ዕጣ ከዚያ በላይ ጠብቀን የለ?

እኛ ግን ሦስተኛው ወር ላይ አቆምን። ለምን? ደህና ስለሆንን! ክኒኑ ሆርሞኑን በሳምንታት ውስጥ ያወርደዋል። አብሮት የሚታዘዘው ፕሮፕራኖሎል ደግሞ ልብን ከዚያም በፊት ያረጋጋዋል። ሆርሞኑ ወረደ። ፀረ እንግዳ አካሉስ? እሱ የትም አልሄደም። በር ላይ ቆሟል። ክኒኑ ነበር እንዳይገባ የያዘው። እኛ ሌባው በር ላይ እንደቆመ ዘበኛውን አሰናበትነው። ያውም «ሌባ የለም እኮ፣ ደመወዙ ለምን?» ብለን።

ምክንያት አናጣም። መድኃኒቱ ከፋርማሲ ይጠፋል፤ እውነት ነው። የሆርሞን ምርመራ ዋጋው ይከብዳል፤ እውነት ነው። የዘርፉ ሐኪም ጥቂት ነው፣ ወረፋው ረጅም ነው፣ ከክፍለ ሀገር ለሚመጣ ደግሞ መንገዱ ራሱ ሕመም ነው። ይህ ሁሉ እውነት ነው። መድኃኒቱን ያጣ ሰው አይወቀስም። እኛ ግን አጥተን ነው ያቆምነው? ለሰርግ ልብስ ገንዘብ አላጣንም። ለክርስትናው ድግስ አላጣንም። ቲኤስኤች ለምትባለው ለአንዲት የታይሮይድ ምርመራ ሲሆን ብቻ ኪሳችን ባዶ ሆነ? ፋርማሲው ውስጥ መድኃኒቱ ተደርድሮ ሳለ ያለፍንባቸውን ቀኖች ማን ይቁጠርልን?

እዚህ ላይ አንድ ሰው ተነሥቶ «መድኃኒቱን በሥርዓቱ የጨረሰውም እኮ ያገረሽበታል» ሊለን ይችላል። ልክ ነው። ክኒኑን ሳያጓድሉ ከጨረሱት ውስጥ ግማሽ ያህሉ ኋላ ሕመሙ ይመለስባቸዋል። ይህን እናውቃለን። ታዲያ ይህ እኛን ያጸድቀናል? ይልቁንም ያስኮንነናል! ግማሽ ዕድል ነበረን። ግማሽ ማለት ትንሽ ነው እንዴ? ከዚያም በላይ፣ የሚመለስ ከሆነ በአብዛኛው መቼ እንደሚመለስ ይታወቃል። ክኒኑ በቆመ በመጀመሪያው ዓመት ነው። ቀኑ ተነግሮን ነበር። መንገዱ ተነግሮን ነበር። በደም ምርመራ የተያዘ ማገርሸትና በድንገተኛ ክፍል አልጋ ላይ የተያዘ ማገርሸት አንድ ናቸው? የመጀመሪያው በክኒን ይመለሳል። ሁለተኛው ልብን አዛብቶ፣ ክብደትን አርግፎ፣ ትንፋሽን አሳጥሮ ነው የሚመጣው። መመለሱን መከልከል ባንችል እንኳ ገና ሲነሣ መያዝ እንችል ነበር።

አልፈራንም እንዳይባል ፈርተናል። እንዴት አድርገን ነው የፈራነው! ሌሊት ልባችን አንዴ በደነገጠ ቁጥር ተቀምጠን አድረናል። በየመስተዋቱ አንገታችንን ዳብሰናል። በየሚዛኑ ላይ ወጥተናል። ፀጉራችን ማበጠሪያው ላይ በቀረ ቁጥር ቆጥረናል። ላብ ሲያጠምቀን «ሙቀቱ ነው» ብለናል። ልባችን ሲመታ «ቡና አብዝተን ነው» ብለናል። ስንቆጣ «የኑሮ ውድነት ነው» ብለናል። አንዲት ብልቃጥ ደም ሰጥተን ማረጋገጥ ስንችል ዓመቱን ሙሉ እየጠረጠርን ኖርን። ምርመራውን የሸሸነው «ተመልሷል» እንዳይለን ፈርተን ነው። ፍርሃት እንኳ ለአንድ ነገር ይጠቅም ነበር፤ ከአልጋ አስነሥቶ ላብራቶሪ ቢያደርሰን። ፍርሃታችንንም አባከንነው።

የወለድነው ደግሞ! እርግዝና ግሬቭስን ብዙ ጊዜ ያለዝበዋል። የመከላከያ ኃይሉ ለፅንሱ ሲል ጋብ ይላል። ከወሊድ በኋላ ባሉት ወራት ተመልሶ ይነሣል፤ ሕመሙም አብሮ። ይህ ድንገተኛ አይደለም፤ በሐኪሞች ዘንድ የታወቀ ነገር ነው። አራስ ቤቱ ሞልቶ ነበር። እልልታው ነበር። ገንፎው አልጎደለ፣ አጥሚቱ አልጎደለ። እናቶች ነበሩ፣ አክስቶች ነበሩ፣ ጎረቤቶች ነበሩ። እጃችን ሲንቀጠቀጥ «አራስ ናት፣ ደክሟት ነው» አሉ። እንቅልፍ ስናጣ «ልጁ እያስቸገራት ነው» አሉ። እያጠባን ስንከሳ «ወተቱ ነው የመጠጣት» አሉ። ስናለቅስ «ተዋት፣ ትወጣዋለች» አሉ። እነሱ ምን ያውቃሉ? እኛ ግን እናውቅ ነበር! ሕመሙ እንዳለብን የምናውቀው እኛ ነበርን። ለምን ዝም አልን? ልጁን በ6ኛው ሳምንት ለክትባት ወሰድነው። በ10ኛው ወሰድነው። በ14ኛው ወሰድነው። አንድም ቀን አላጓደልንም። ሦስት ጊዜ ጤና ጣቢያ ደርሰን፣ ሦስት ጊዜ ነርሷ ፊት ተቀምጠን፣ «እኔም የታይሮይድ ሕመም ነበረብኝ፣ ምን ላድርግ?» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር አጣን? ልጁን አቅፈን ገባን፣ ልጁን አቅፈን ወጣን። የራሳችንን ነገር ማንም አልጠየቀን፤ እኛም አልተናገርን።

ሲጋራውንስ? ማጨስ ሕመሙ እንዲያገረሽ እንደሚያግዝ፣ ግሬቭስ ዓይን ላይ ሲወጣም እንደሚያብሰው ተነግሮን አጨስን። ክኒኑን በጀመርንባቸው ወራት ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ከመጣ መድኃኒቱን አቁመን የዚያኑ ዕለት ነጭ የደም ሕዋሳችንን እንድናስቆጥር ተነግሮን፣ ከሰፈር ፋርማሲ አሞክሳሲሊን ገዝተን ዋጥን። ሃሺሞቶ ያለብን ደግሞ መድኃኒታችንን፣ ሌቮታይሮክሲንን፣ አቆምነውና ሳምንት ጠበቅን። ምንም አልሆንንም። «ለካ አያስፈልገኝም!» አልን። መድኃኒቱ ከደም ውስጥ ተሟጦ እስኪወጣ ሳምንታት እንደሚፈጅ ማን አያውቅም? በባዶ ሆድ በውኃ ዋጡት ሲሉን ከጠዋቱ ቡና ጋር ዋጥነው። ከብረት ማዕድን ክኒን አራት ሰዓት አራርቁት ሲሉን በአንድ መዳፍ አፈስናቸው። ከዚያ «መድኃኒቱ አልሠራልኝም» ብለን አማን።

የድሮ ሰው «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ያለው እኛን አይቶ ይመስላል። አንዱ ሳይሻለን ሌላው ተጨመረ። ልብ ምቱን ሳተ፤ ደም ማቅጠኛ ታዘዘ። ዓይን ወጥቶ አልከደን አለ፤ ሌሊት እየደረቀ ያቃጥላል። አጥንትም ሳይታወቅ ይሳሳል፤ የበዛ ሆርሞን እሱንም ይበላል።

አሁን ሐኪሙ ፊት ተቀምጠን ምርጫ እንጠይቃለን። ራዲዮአክቲቭ አዮዲን? ዓይናችሁ እንዲህ ተቆጥቶ እያለ አይሆንም፣ ሊያብሰው ይችላል ይለናል። ቀዶ ሕክምና? ልባችሁ ሳይረጋ፣ ሆርሞናችሁ ሳይወርድ ጠረጴዛው ላይ አትወጡም ይለናል። እነዚህ በሮች ሁሉ እኮ ያኔ ክፍት ነበሩ። ልባችን ጤነኛ ነበር፣ ዓይናችን ይከደን ነበር፣ መራጮቹ እኛ ነበርን። ታዲያ አሁን ምን ቀረን? ሐኪሙ ማዘዣውን ስቦ ይጽፋል። ፒቲዩ። በየስምንት ሰዓቱ። በሦስተኛው ወር የጣልነውን ያንኑ ክኒን እንደገና ከአንድ ብለን ጀመርነው።