ከኋላችን የሚገባው ሰው

የቤተ ሙከራ ሠራተኛን ዋና ገጸ ባሕርይ ያደረገ ተውኔት ለመጻፍ አስቤ፣ ባለፈው ዓመት ወደ አንድ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕይወት ትምህርት ክፍል አመራሁ። ሐሳቤ ቀላል ነበር፤ ከአንድ ጥግ ተቀምጬ ሰዎቹ ሲሠሩ ማየት፣ የአነጋገራቸውን ለዛ መቅሰም። ነገር ግን ከበሩ የተቀበለችኝ ወጣት ባለሙያ፣ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ የጥንቃቄውን ሥልጠና ሳይወስዱ ከዚህ ደፍ ማለፍ አይችሉም» አለችኝ። «የመጣሁት ለማየት ብቻ ነው እኮ» ብላት፣ «የሚያይም ሰው ይተነፍሳል፤ የሚያይም ሰው በር ይከፍታል» ስትል መለሰችልኝ። ጸሐፌ ተውኔት እንዲህ ያለ ምልልስ በነጻ ሲያገኝ አይከራከርም። በማግስቱ ከተማሪዎች ጋር በአንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጥሁ።

ሥልጠናው ግማሽ ቀን ፈጀ። የገዋኑ ቁልፍ ሁሉ መቆለፍ አለበት፤ ረጅም ጠጉር ይታሰራል፤ ክፍት ጫማ አይፈቀድም፤ በቤተ ሙከራው ውስጥ አይበላም፣ አይጠጣም። በእኛ የተማሪነት ዘመን ፈሳሹን በአፋችን ስበን የምንለካበት ፒፔት፣ አሁን በእጅ በሚጨበጥ መሳቢያ ካልሆነ በቀር አይነካም። ጠረጴዛ የሚወለወልበት አልኮል 70 በመቶ እንዲሆን የተደረገው ለቁጠባ መስሎኝ ነበር። ለካስ ውሃ የሌለበት አልኮል ቶሎ ይተንናል፤ የተሕዋሱን ገላ ዘልቆ ለማጥፋት የውሃው እርዳታ ያስፈልገዋል። ያገለገለው ዕቃም በታመቀ እንፋሎት፣ በ121 ዲግሪ ሙቀት፣ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ሳይቀቀል አይወጣም።

ከሁሉ ይልቅ የያዘኝ የጓንቱ አወላለቅ ነው። በአንደኛው እጅ የሌላውን ጓንት ውጫዊ ጠርዝ ይዞ መገልበጥ፤ የወለቀውን በመዳፍ መጨበጥ፤ ከዚያም ባዶውን ጣት ከቀሪው ጓንት ሥር አስገብቶ፣ ሁለተኛው የመጀመሪያውን በሆዱ እንደ ያዘ መገልበጥ። የቆሸሸው ገጽ ሁሉ ወደ ውስጥ ይቀራል። ባለሙያዋ ጓንቶቻችንን ቀይ ቀለም አስነክታቸው ነበርና ስሕተታችን በቆዳችን ላይ ታየ። የእኔም አንጓ ቀላ። የባሰው ግን ሌላ ነበር፤ አንዱ ተማሪ ጓንቱን ሳያወልቅ ወጥቶ ኖሮ፣ የበሩ እጀታ ቀልቶ ተገኘ። ባለሙያዋ እጀታውን እያሳየች፣ «ከእናንተ በኋላ ይህን የሚነካው ማን ነው?» አለች።

ክፍሉ ዝም አለ። እኔ ግን መልሱን አውቀው ነበር።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ገና የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ፣ በአጉሊ መነጽር የሽንኩርት ልጣጭ ስንመለከት ስላይዱ ከእጄ ወድቆ ተሰበረ። ዋጋውን እንዳልከፍል ፈርቼ ስባሪውን በወረቀት ጠቀለልሁና ከቆሻሻው ቅርጫት ጣልሁት። በማግስቱ ክፍሉን የሚያጸዱት አሮጊት፣ እኛ ሁላችን እማማ የምንላቸው፣ መዳፋቸውን በጨርቅ አስረው አገኘኋቸው። «ምን ሆኑ እማማ?» ብላቸው፣ «ምንም አይደል ልጄ፤ ጠርሙስ ቧጨረኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሳላይ እጄን ሰድጄ» አሉኝ። ዝም አልሁ። በዚያ ስላይድ ላይ የነበረው የሽንኩርት ልጣጭ ብቻ መሆኑ የዕድል ነገር እንጂ የእኔ ጥንቃቄ አልነበረም። ወደ ሥነ ጽሑፍ ትምህርት ክፍል ስዛወርም ያን ዝምታ ይዤው ተዛወርሁ።

ባለሙያዋ ሥልጠናውን በአንዲት ሴት ታሪክ ደመደመች። ፈንጣጣን ለማጥፋት በአገራችን በ1963 ዓ.ም. በተጀመረው ዘመቻ የጤና ሠራተኞች ተራራውንና በረሃውን በእግርና በበቅሎ አቋርጠው፣ በነሐሴ 1968 ዓ.ም. የመጨረሻው በሽተኛ ተገኘ። በተፈጥሮ መንገድ የተያዘው የዓለም የመጨረሻ በሽተኛም በጥቅምት 1970 ዓ.ም. በሶማሊያዋ መርካ ታይቶ ዳነ። በሽታው ያበቃለት መሰለ። ዳሩ ግን በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ጃኔት ፓርከር የተባለች የ40 ዓመት ሴት በእንግሊዝ አገር በፈንጣጣ ታመመች። በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ፎቶግራፍ አንሺ ነበረች። የፈንጣጣ ቫይረስ የሚጠናበት ቤተ ሙከራ በዚያው ሕንጻ፣ ከእርሷ የሥራ ክፍል በታች ይገኝ ነበር። ቫይረሱ በየት በኩል እንደ ደረሰባት እስከ ዛሬ ያከራክራል። በእኛ አቆጣጠር በ1971 ዓ.ም. የዕንቁጣጣሽ ዕለት ሞተች። በፈንጣጣ እንደ ሞተ የሚታወቀው የመጨረሻው ሰው እርሷ ናት።

ተመራማሪ አልነበረችም። ብልቃጡን አልነካችም። ይህ ነገር ነው ልቤን የመታው። ገዋንና ጓንት የባለቤታቸው ጋሻ ብቻ ይመስሉን ነበር፤ ነጩን ገዋን ለብሶ ወደ ሻይ ቤት መሄድንም እንደ ክብር የምንቆጥር ነበርን። የቤተ ሙከራ ሥርዓት ግን ግማሹ የተጻፈው በስፍራው ለሌለው ሰው ነው፤ ፎቅ ላይ ላለችው፣ ማታ ቅርጫቱን ለሚያነሣው፣ በሩን ለሚከፍተው። በመድረክም ሕጉ ይኸው ነው፤ ተዋናይ ሰይፉን በተመደበለት ቦታ የሚያስቀምጠው ለራሱ ሳይሆን በጨለማ ለሚያልፈው ባልደረባው ነው።

ይህን እያሰብሁ ወደ አግዳሚዎቹ ዘወር ስል አንድ ነገር አስተዋልሁ። ከተቀመጡት መካከል አንድም የጽዳት ሠራተኛ የለም። ለባለሙያዋ ይህንኑ ብነግራት አንገቷን ደፋች። «እነርሱን የቀጠራቸው ሌላ ድርጅት ስለሆነ በሠልጣኞች ዝርዝር አይገቡም» አለችኝ። የሠልጣኞችን ዝርዝር የምታዘጋጁ ኃላፊዎች፣ ይህን ጽሑፍ የምታነቡ ከሆነ፣ ቅርጫቱን የሚያነሣው እጅ የማን እንደ ሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ቅጥሩ የሌላ ሊሆን ይችላል፤ ስባሪው ግን የእናንተ ነው።

ባለሙያዋ ቃሏን ሳትሰጠኝ ሥራዋን ሠራች። በሚቀጥለው ዙር ሥልጠና ስጋበዝ፣ ከፊተኛው አግዳሚ ላይ ሁለት የጽዳት ሠራተኞች ተቀምጠው አገኘሁ። ተናገር በተባልሁ ጊዜ ስለ ተውኔቴ ላወራ የነበረውን ትቼ፣ ከሃያ ዓመት በላይ የደበቅሁትን የስላይዱን ነገር በፊታቸው ተናገርሁ። ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። ከሁለቱ ሴቶች አንደኛዋ ግን አላጨበጨበችም። እጇን አንሥታ፣ «ለመሆኑ እጃቸው ዳነ?» ብላ ጠየቀችኝ።

ጨርቁ የተፈታበትን ቀን አላየሁም ነበር፤ ጠይቄም አላውቅም። ይህንኑ ነገርኋት።