የተማሪ ቤታችን ስምና የእኔ ጥፋት

ከዚህ ቀጥሎ የምተርከው ነገር ከሰው የሰማሁት ሳይሆን በገዛ እጄ የሠራሁት ነው። ባለፈው ጥር ወር የተማሪ ቤታችን ኢሜይል ሁለት ቀን ያህል ተበላሽቶ እንደ ነበረ ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። አንዳንዱ ጥፋቱን በኔትዎርክ፥ ሌላውም በመብራት መጥፋት አሳበበ። ኔትዎርኩም መብራቱም በዚያ ሰሞን ምንም አልበደሉም፤ የበደልሁት እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኮምፒዩተር ክበባችን የተማሪ ቤቱን ድረ ገጽ ከአሮጌው ሆስቲንግ ወደ አዲስ እንዲያዛውር ታዘዘ። ሆስቲንግ የሚባለው ድረ ገጽ የሚቀመጥበትን ኮምፒዩተር በኪራይ የሚሰጥ ድርጅት ነው። የአሮጌው ኪራይ ውድ ነበር፤ ገጹም እስኪከፈት ድረስ ቡና ተቆልቶ ይፈላ ነበር ብል ማጋነን ቢሆንም የሞከረው ያውቀዋል። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ብሆንም በክበቡ ውስጥ በዚህ ነገር ከሁሉ ይልቅ የደከምሁበት እኔ ነበርሁና ሥራው ለእኔ ተሰጠ። ምክትል ዲሬክተራችን የይለፍ ቃሉን በቁራጭ ወረቀት ጽፈው ሲሰጡኝ፥ «ልጄ፥ ይህ የቤታችን ቁልፍ ነው» አሉኝ። እኔም እጅ ነሥቼ ተቀበልሁ። ቃላቸውን በጆሮዬ ሰማሁት እንጂ በልቤ አላሳደርሁትም፤ በዚያ ሰዓት ልቤ በኩራት አብጦ ነበር።

ወላጆቻችን ነገሩ እንዲገባቸው ጥቂት ማብራራት ይገባኛል። በኢንተርኔት ላይ ያሉ ኮምፒዩተሮች የሚተዋወቁት በቁጥር ነው፤ ቁጥሩም 192.0.2.10 እንደሚለው በነጥብ የተለያየ አራት ክፍል አለው። ሰው ግን ይህን ሁሉ በቃሉ ሊይዝ አይችልምና በስም ይጠቀማል። ስሙ ዶሜይን ይባላል፤ ስሙን ወደ ቁጥር የሚመልሰው ሥርዓት ደግሞ ዲ ኤን ኤስ ይባላል። በመጀመሪያው ዘመን የኮምፒዩተሮች ሁሉ ስም በአንድ መዝገብ ብቻ ይጻፍ ነበር። መዝገቡን ይጠብቁ የነበሩት በካሊፎርኒያ በስታንፎርድ የምርምር ተቋም ኤልዛቤት ፌይንለር የተባሉ ሴትና የሥራ ባልደረቦቻቸው ነበሩ፤ አዲስ ስም ማስገባት የፈለገ ሰው ወደ እነርሱ ይደውል ወይም ይጽፍ ነበር። ስሙ እየበዛ ሲሄድ አንድ መዝገብ አልበቃ አለ፤ ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1983 ፖል ሞካፔትሪስ የተባለ ሊቅ ዛሬ የምንገለገልበትን ሥርዓት አወጣ።

ይህ ሥርዓት እንግዳ ሰው በከተማችን ቤት ከሚፈልግበት መንገድ ብዙ አይርቅም። እንግዳው ከአውቶቡስ ወርዶ ቢጠይቅ፥ በመናኸሪያው ያሉት ሰዎች ቤቱን አያውቁትም፤ ሰፈሩን ግን ያመለክቱታል። ሰፈሩ ሲደርስ ባለ ሱቁን ጠይቅ ይሉታል፤ ባለ ሱቁም ያ ሰማያዊ በር ነው ብሎ በጣቱ ይጠቁመዋል። በዲ ኤን ኤስም ዘንድ በመጀመሪያ የሚጠየቁት ከኤ እስከ ኤም በ13 ፊደላት የተሰየሙት የሥር ሰርቨሮች ናቸው፤ እነርሱ ወደ ዶት ኮም ጠባቂዎች ይመራሉ፤ እነዚያም የዚህ ስም ጉዳይ በእነ እገሌ እጅ ነው ብለው ኔምሰርቨር ወደሚባሉት ይልካሉ። እንግዲህ ባለ ሱቁ ኔምሰርቨሩ ነው።

በባለ ሱቁ ዘንድ ስለ አንድ ስም ልዩ ልዩ መሥመሮች ተጽፈው ይገኛሉ። ኤ የተባለው መሥመር ድረ ገጹ ያለበትን ቁጥር ይናገራል። ኤም ኤክስ የተባለው ደብዳቤ ወዴት እንደሚሄድ ይናገራል። ሲኔም አንዱን ስም የሌላው ቅጽል ያደርገዋል። ቲ ኤክስ ቲ በሚለው ደግሞ በስማችን ደብዳቤ ለመላክ የተፈቀደላቸው እነማን እንደሆኑና ይህን የመሳሰለ ቃል ይጻፍበታል። ድረ ገጹ በአንድ አገር፥ ደብዳቤው በሌላ አገር ሊቀመጥ ይችላል፤ ስሙ አንድ ስለሆነ ብቻ ቤቱም አንድ ነው ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። እኔ የወደቅሁት እዚህ ላይ ነው።

እነዚህን መሥመሮች የሚያርሙበት ገጽ ኮንትሮል ፓነል ይባላል። በአዲሱ ሆስቲንግ ያለው ሲፓነል የተባለው ነው፤ በውስጡም ዞን ኤዲተር የሚል ክፍል አለ። ሲከፍቱት ሠንጠረዥ ይመጣል፤ በየመሥመሩም አጠገብ ማረሚያና ማጥፊያ ቁልፍ አለ። የባንክ ቅጽ ከመሙላት አይከብድም። እንዲያውም ቢከብድ ይሻለኝ ነበር፤ ከባድ ነገር ሰውን አስቀድሞ ያስጠነቅቀዋልና።

ለመዛወር ሁለት መንገድ ነበረኝ። አንደኛው ባለ ሱቁን ሳይነኩ፥ በአሮጌው ሠንጠረዥ ኤ በሚለው መሥመር ላይ ያለውን ቁጥር ብቻ መለወጥ ነው፤ አንዲት መሥመር ናት። ሁለተኛው ባለ ሱቁን ራሱን፥ ማለት ኔምሰርቨሩን፥ ወደ አዲሱ ድርጅት ማዛወር ነው። አዲሱ ድርጅት በላከልን የእንኳን ደኅና መጣችሁ ደብዳቤ ላይ የተጻፈው ሁለተኛው ስለ ነበረ፥ እሑድ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ እንዳለው አደረግሁ። በአሮጌው ዘንድ 11 መሥመሮች እንደ ነበሩ እንኳ አላየሁም። በአዲሱ ዘንድ ያለው ሠንጠረዥ ድርጅቱ ለማንኛውም ደንበኛ አስቀድሞ የሚያዘጋጀው ነው፤ በእርሱም ላይ ኤም ኤክስ የሚለው መሥመር ደብዳቤውን ወደዚያው ወደ አዲሱ ኮምፒዩተር ይመራ ነበር። የእኛ ደብዳቤ ግን ከዓመታት በፊት ጀምሮ የሚቀመጠው በሦስተኛ ድርጅት ዘንድ ነው።

በዚያች ማታ ድረ ገጹን በስልኬ ብከፍተው ወዲያው መጣ። ከራሴ ኢሜይል ወደ መዝገብ ቤት አንድ የሙከራ ደብዳቤ ሰደድሁ፤ ሰኞ ጠዋት የመዝገብ ቤቷን ኃላፊ ብጠይቃቸው፥ «ደርሶኛል፥ ተባረክ» አሉኝ። በኋላ እንደ ተረዳሁት ግን ደብዳቤው የደረሰው ሥራዬ ትክክል ስለ ነበረ አይደለም። የዶት ኮም ጠባቂዎች አንድ ጊዜ የሰጡት መልስ 172800 ሰኮንድ፥ ማለት ሁለት ቀን፥ በጠያቂው ዘንድ ሊቆይ ይችላል። የእኔን ደብዳቤ ያመላለሰው ድርጅት የቀድሞውን መልስ ገና ይዞ ስለ ነበረ ወደ ቀድሞው ቤት አደረሰው። በቅርብ ጊዜ ጠይቆ የማያውቅ ግን አዲሱንና የተሳሳተውን መልስ ይቀበል ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት በኬሚስትሪ ክፍለ ጊዜ ወደ መዝገብ ቤት ተጠራሁ። ስገባ አንዲት ያምና ተመራቂ ከእናቷ ጋር ቆማለች። ልጅቱ በአሜሪካ ለሚገኝ አንድ ኮሌጅ አመልክታ ኖሮ፥ ኮሌጁ ማርኳን እንዲያረጋግጥለት ለተማሪ ቤታችን ጽፏል፤ የሚሞላውም ቅጽ በዚያው ደብዳቤ ውስጥ ነበር። ደብዳቤው ተመለሰበት። የመጨረሻው ቀን ያው ማክሰኞ ዕለት ነበረ። ኮሌጁ የተመለሰለትን ቃል ለልጅቱ ልኮላት በስልኳ አሳየችን፤ በእንግሊዝኛ፥ በዚህ ስም የሚጠራ እዚህ የለም ይላል። እናትየዋ የነጠላቸውን ጫፍ እየጠመዘዙ፥ «እትዬ፥ ልጄ አራት ዓመት የተማረችበት ቤት አላውቃትም አለ እንዴ?» ብለው ኃላፊዋን ጠየቁ።

እዚህ ላይ የማልኮራበትን ነገር ልጽፍ ነው። ኃላፊዋ ወደ እኔ ዞረው፥ «ልጄ፥ ምን ሆኖ ነው?» ሲሉኝ፥ «ኔትዎርክ ይሆናል፥ እትዬ» አልሁ። ስለ ኔትዎርክ የሰማችሁት ወሬ ምንጩ ይኸው ነው። እናትየዋም አመኑኝ፤ «እንግዲህ ኔትዎርክ ከሆነ ምን ይደረጋል፥ የኔ ልጅ» ብለው ሊወጡ ዞሩ። ቢቆጡኝ ኖሮ በውሸቴ እጸና ነበር ብዬ አስባለሁ። ማመናቸው ግን አላስቻለኝም። «ይቆዩ እናቴ፤ ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አልሁ።

ኮምፒዩተሩን ከፍቼ ሠንጠረዡን ሳይ ጥፋቱ ወዲያው ታየኝ። በዚህ ነገር ላይ አንባቢ ሊያስተውለው የሚገባ ጉዳይ አለ። ደብዳቤ አድራሹ ኮምፒዩተር በር አንኳኩቶ የሚከፍትለት ቢያጣ፥ ብዙውን ጊዜ ደብዳቤውን ይዞ እየተመላለሰ እስከ አራትና አምስት ቀን ይሞክራል። ስለዚህ በሩ ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ ምንም ባልጠፋ ነበር። እኔ ግን የላክሁት ዘበኛ ወዳለበት የሰው ግቢ ነው፤ ዘበኛውም በሩን ከፍቶ እንዲህ የሚባል ሰው እዚህ አይኖርም አለ። አድራሹ ይህን ከሰማ በኋላ ዳግመኛ አይመጣም፤ ደብዳቤውን ለጸሐፊው ይመልሳል።

የቀድሞዎቹን መሥመሮች አልገለበጥኋቸውም ነበርና ምን ብዬ እንደምጽፍ አላውቅም። ደግነቱ የአሮጌው ሆስቲንግ ኪራይ እስከ ወሩ መጨረሻ የተከፈለ ስለ ነበረ፥ ገብቼ እንደ ነበሩ አገኘኋቸው። በጥድፊያዬ ኤም ኤክስ በሚለው ላይ ቁጥር ልጽፍ ነበር፤ ይህ መሥመር ግን የሚፈልገው ስም እንጂ ቁጥር አይደለም። የስሙን ፊደል አንድ በአንድ እያነበብሁ፥ ልጅቱም ከኋላዬ ቆማ እየደገመች ጻፍነው። አንዲት ክፉ ቃል አልተናገረችኝም፤ የዘለልኋትን አንዲት ነጥብ ግን አሳይታኛለች። ቲ ኤክስ ቲውንም ጨመርሁ፤ ያለ እርሱ ከእኛ የሚወጣው ደብዳቤ እንደ ሐሰተኛ ሊቆጠር ይችላልና።

ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ጨረስን፤ ይሁን እንጂ አልጨረስንም። በአዲሱ ሠንጠረዥ ላይ በመሥመሩ አጠገብ 14400 የሚል ቁጥር ተጽፎ ነበር፤ ይኸውም የተሳሳተውን መልስ የሰማ ሁሉ 14400 ሰኮንድ፥ ማለት አራት ሰዓት፥ ይዞት ሊቆይ ይችላል ማለት ነው። እናትየዋ፥ «ታዲያ አሁን ምን እንጠብቃለን?» ቢሉኝ፥ «እስኪረሱት ነው» አልኋቸው። «ሰው ክፉ ወሬ በአራት ሰዓት ቢረሳ ምን ነበረበት» ብለው ሳቁ፤ ከገቡ ጀምሮ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ጊዜ ነው። ልጅቱም ደብዳቤው እንደገና እንዲላክ በራሷ ኢሜይል ለኮሌጁ ጻፈች። የእኛ 9 ሰዓት በአሜሪካ ምሥራቅ ገና ከጠዋቱ 1 ሰዓት ስለሆነ፥ እዚያ ቢሮ እስኪከፈት ስሕተቱ ይረሳል ብለን ተስፋ አደረግን።

ዘጠኝ ሰዓት አለፈ፤ አሥርም አለፈ። የሥራ ሰዓት ሲያበቃ ሌሎቹ ቢሮዎች ተቈለፉ፤ የመዝገብ ቤቷ ኃላፊ ግን ሻይ አስመጥተው አብረውን ተቀመጡ። እኔ ኪሴ ውስጥ ያለችውን የይለፍ ቃል ወረቀት እየደባበስሁ ቁልፍ ያሉኝን አስብ ነበር። ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ20 ላይ ደብዳቤው መጣ። ኃላፊዋ ቅጹን ሞልተው ሁለት ጊዜ አንብበው ላኩት። እናትየዋ፥ «አሁንስ አወቃት?» አሉ። ኃላፊዋም፥ «አወቃት» አሏቸው።

ኮሌጁ በሚያዝያ ወር ለልጅቱ መልስ ጻፈላት፤ ተቀብሏታል። ከክፍያው ግን የሸፈነላት ግማሹን ብቻ ስለሆነ፥ ይህ ጽሑፍ ለማተሚያ እስከተሰጠበት ቀን ድረስ ቤተ ሰቦቿ ስለ ቀረው ይሮጣሉ።

በማግሥቱ ለምክትል ዲሬክተሩ ውሸቴንም ጨምሬ ሁሉን ነገርኋቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና፥ «ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዝተህ ና» አሉኝ። በደብተሩ ላይ 11ዱንም መሥመሮች በእጄ ጽፌ፥ እያንዳንዱ ለምን እንደሚያስፈልግና ማን እንደሚገለገልበት በጎኑ እንዳስረዳ አዘዙኝ። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ሁለቱን መሥመሮች ማን እንዳስገባቸው፥ ስለ ምንም እንዳስገባቸው እስካሁን የሚያውቅ ሰው አልተገኘም፤ ስለዚህ ሳትጠይቁ አትንኩ ብዬ በቀይ ቀለም ጽፌባቸዋለሁ። ከመሥመሮቹ በታች ደግሞ፥ ለውጥ የሚያደርግ ሰው ከአንድ ቀን በፊት 14400 የሚለውን ወደ 300 ዝቅ ያድርግ፤ ስሕተት ቢሠራ በአምስት ደቂቃ ይረሳለታል ብዬ ጨመርሁ።

ምክትል ዲሬክተሩ አንብበው ሲጨርሱ የስሙ ኪራይ በየዓመቱ የሚታደስበትን ቀን በራሳቸው እጅ ጻፉበት። ደብተሩ በመዝገብ ቤቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ከማርክ መዝገቦቹ ጎን ይገኛል፤ ቁልፉ በኃላፊዋ ዘንድ ነው።