ቆሎ የጠቀለልኩበት ደብተር

እኔ ጸሐፊ አይደለሁም፣ ቆሎ ሻጭ ነኝ። ብዕር ያነሳሁት አንድ ያጠፋሁት ጥፋት ስላለ ነው። ሌላ ወላጅ እንዳይደግመው ብዬ ነው የምጽፈው።

የምኖረው ባልባላ ነው። ሌሊት ገብስና ሽምብራ ቆልቼ፣ ፀሐይዋ ሳትከር ፒኬ ዱዝ እደርሳለሁ። ለማታውቁት፣ ፒኬ ዱዝ ከከተማው ወጣ ብሎ የኢትዮጵያ ከባድ መኪኖች ተሰልፈው ወደብ ለመግባት ተራ የሚጠብቁበት ሰፈር ነው። ሾፌሮቹ የአገራቸውን ቆሎ ሲያዩ ፊታቸው ይፈታል። ቆሎውን የምሸጠው በወረቀት እየጠቀለልኩ ነው። ወረቀት ደግሞ ዝም ብሎ አይገኝም፤ የድሮ ደብተር፣ የድሮ ጋዜጣ፣ ያገኘሁትን ሁሉ እለቅማለሁ።

አሥራ ሦስት ዓመት የሆናት ልጅ አለችኝ። ከትምህርት ቤት ስትመጣ እርሳስ ይዛ ትቀመጣለች፣ ትስላለች። ሥዕሉ ላይ ደግሞ ትጽፍበታለች። እኔም ሁልጊዜ «ሥዕል እንጀራ አይጋግርም፣ ይልቅ ሒሳብሽን አጥኚ» እላት ነበር። እሷም ዝም ትለኛለች።

አንድ ቀን ወረቀት አለቀብኝ። ፍራሹ ሥር ሰማያዊ ልባስ ያለው ወፍራም ደብተር አገኘሁ። ገለጥ አድርጌ ሳየው ሁሉም ገጽ በሥዕል ተሞልቷል። «ያው የተለመደው ጭርጭሯ ነው» ብዬ እየገነጠልኩ ጠቀለልኩበት። ሠላሳ ጥቅልል ወጣው። እስከ እኩለ ቀን ተሸጦ አለቀ፣ ደስ ብሎኝም ገባሁ።

ማታ «እማዬ፣ ሰማያዊው ደብተሬስ?» አለችኝ።

ነገርኳት። አላለቀሰችም፣ አልጮኸችምም። «የአያቴ ታሪክ እኮ ነበር» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄን እስከ ሰባት ዓመቷ ያሳደገቻት እናቴ ናት፣ ወሎ፣ ከኮምቦልቻ ወጣ ብላ ካለች መንደር። እናቴ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆናት፤ መርዶውን በስልክ ሰማን። ፎቶዋ የለንም። ስልኬ ውስጥ የነበረው ከስልኩ ጋር መንገድ ላይ ቀርቷል። እና ለካ የእናቴ መልክ የነበረው እዚያ ደብተር ውስጥ ብቻ ኖሯል። እሱን ነው ቆሎ ጠቅልዬበት የሸጥኩት።

ልጄ ከዚያ ወዲያ እርሳስ አልነካችም። ሒሳቧንም አልሠራችም።

ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ አንድ ሾፌር ከመኪናው ወርዶ ወደ እኔ መጣ። ከኪሱ አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። «እትዬ፣ ቆሎዎን በልቼ ስጨርስ ወረቀቱን ሳነብ ነው ያደርኩት። እዚህ ላይ ሴትዮዋ ጀበና ጥዳለች። ልጅቷ መንገድ ልትሄድ ነው መሰለኝ፣ ‹ቡናው ሳይፈላ አትሂጂ› ትላታለች። ከዚያስ? ቀሪው የታለ? ሄደች ወይስ ቀረች?»

ምን ልበለው? «ሄደች» አልኩት።

ወረቀቱን «ለሠራው ሰው ይስጡልኝ» ብሎ ሰጠኝ። አየሁት። ሻሿን ወደ ኋላ ያሰረች፣ አንድ ዓይኗን ከጭሱ ጨፈን ያደረገች፣ እናቴ! እዚያው መኪኖቹ መሀል አለቀስኩ። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» የሚባለው በእኔ ደረሰ።

ማታ ወረቀቱን ለልጄ ሰጠኋትና «ይሄ ነገር ምንድነው የሚባለው?» ብዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቅኳት። «ቤዴ» አለችኝ። ፈረንሳዮቹ ባንድ ዴሲኔ ይሉታል፣ በአጭሩ ቤዴ። ሌላው ዓለም ኮሚክ ይለዋል። ገጹ በሳጥን በሳጥን ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ሳጥን አንድ ቅጽበት ነው፤ ሰው የሚናገረው ከአፉ በወጣች አረፋ ውስጥ ይጻፋል። ሳስበው ለእኛም እንግዳ አይደለም። አዲስ አበባ የምትገበዩ ታስታውሱ እንደሆነ፣ የንግሥት ሳባና የንጉሥ ሰሎሞን ታሪክ በሳጥን ተከፋፍሎ፣ ብዙ ጊዜም 44 ሳጥን ሆኖ፣ ከነአማርኛ ጽሑፉ በሸራ ተሥሎ ይሸጣል። አባቶቻችን ቤዴ የሚለውን ስም አያውቁም እንጂ ሥራውንስ ያውቁታል።

«እና ከዚህ እንጀራ የበላ ሰው አለ?» አልኳት፤ አመሌ አይለቀኝ። እሷም ስም ቆጠረችልኝ። የጎረቤታችን ልጅ በስልኩ ፈልጎ አሳየኝ። ያየሁትንና የሰማሁትን ላካፍላችሁ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ያየሁት ፊልም «የመቃብር ቆፋሪው ሚስት» የሚባለውን ነው። ሶማልኛዬ የገበያ ቢሆንም ገባኝ። ሰውዬው አካፋ ይዞ ሆስፒታል በር ላይ ሬሳ ይጠብቃል፤ ሚስቱ ኩላሊቷን ታማ ለቀዶ ጥገና ብዙ ገንዘብ ተጠይቋል። «እንዴ! ይሄ እኮ የኛው ከተማ ነው!» አልኩ። እውነትም የተቀረጸው እዚሁ ጅቡቲ ነው። የሠራው ኻዳር አይደሩስ አሕመድ ይባላል። ሞቃዲሾ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ ፊንላንድ የተሰደደ ሰው ነው። ሥራውን የጀመረው ለፊልም ጽሑፍ በመጻፍ ነው። ሐሳቡ የመጣለት ፊንላንድ ውስጥ ከቤተሰቡ አንድ ሕፃን ሞቶ ቀብሩ ብዙ ቀን በፈጀ ጊዜ ነው፤ በአገሩ ግን ሬሳ እንደማይውል ትዝ አለው። ጽፎ ፊልም እስኪያደርገው አሥር ዓመት ገደማ ወሰደበት። በ2021 ካን ከተማ ታየ። በዚያው ዓመት ዋጋዱጉ ላይ በፌስፓኮ፣ ማለትም በአፍሪካ ትልቁ የፊልም በዓል፣ የወርቅ ፈረሱን ሽልማት ወሰደ። በዚችው በጅቡቲ የተቀረጸ ሌላም አለ። ሉላ አሊ ኢስማዒል የምትባል የዚህ አገር ሴት በ2017 «ዳሊንያሮ» የሚል የሦስት ተማሪ ልጃገረዶች ታሪክ ሠርታለች።

ያንኑ የወርቅ ፈረስ በ2009 የወሰደው ደግሞ የኛው ኃይሌ ገሪማ ነው፣ «ጤዛ» በተባለው ፊልሙ። በ1946 ጎንደር ተወልዶ፣ በወጣትነቱ አሜሪካ ሄዶ፣ «ምርት ሦስት ሺ ዓመት»ን በ1976 ያወጣ ሰው ነው። እኔን የገረመኝ ግን የ«ሳንኮፋ» ነገር ነው። በ1993 ስለ ባርነት የሠራውን ይህን ፊልም አከፋፋዮች አንቀበልም አሉት። ታዲያ ቁጭ ብሎ አላለቀሰም። ሲኒማ ቤት ራሱ እየተከራየ፣ ከከተማ ከተማ እየዞረ ለሕዝቡ አሳየ። ይሄን ስሰማ በሆዴ «እኔም እኮ ሱቅ ስለሌለኝ ነው ፒኬ ዱዝ ድረስ የምሄደው» አልኩ።

ከሁሉም በላይ ልጄ የምትወዳት አንዲት ኢራናዊት ናት፣ ማርጃን ሳትራፒ። የተወለደችው በ1969 ነው። አገሯ በአብዮትና በጦርነት ሲታመስ ወላጆቿ በአሥራ አራት ዓመቷ ብቻዋን ቪየና ላኳት። ተመለሰች፣ በ1994 ደግሞ ወደ ፈረንሳይ ሄደች። እዚያ ሆና የልጅነቷን ታሪክ በጥቁርና በነጭ ብቻ ሣለችው። «ፐርሴፖሊስ» ይባላል። ከ2000 እስከ 2003 በአራት ቅጽ ታተመ። በ2007 ከአንድ ጓደኛዋ ጋር ያንኑ ታሪክ የሥዕል ፊልም አድርጋው በካን ተሸለመ። ከዚያም ወዲያ ሌሎች ፊልሞች ሠርታለች። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ልጅቷን የምትመክራት ማን መሰለቻችሁ? አያቷ። ልጄ ይሄን መጽሐፍ ከቤተ መጻሕፍት ተውሳ አንብባ ነው ለካ የራሷን አያት መሣል የጀመረችው!

«በአማርኛስ?» አልኩ። እሱም አለ። ብስራት ደበበ የሚባል የኛው ልጅ በ2018 «ጀምበር» የሚል የጀግና ኮሚክ በአማርኛም በእንግሊዝኛም አወጣ። ጀግናው አዲስ አበባ ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ነው። እስቲ ይሄን የማያውቅ ቤተሰብ ማን አለ? ቀጥሎም «ሐዊ» የሚል የሴት ጀግና ታሪክ አስከተለ።

እንግዲህ ሁሉም የሣለ ሰው ይከብራል እያልኩ አይደለም። አሥር ዓመት መጠበቅ ለኛ ቢጤ ቀላል አይደለም። ልጄም ሒሳቧን ማጥናት አለባት፣ ይሄን ተስማምተናል። ግን እነዚህ ሰዎች የጀመሩት በገንዘብ አልነበረም፤ ባዩትና በሆነባቸው ነገር ነው። የሆነብን ነገር ደግሞ እኛ ስደተኞች አላነሰንም። ፊልም ካሜራና ብዙ ሰው ይፈልጋል፤ ቤዴ ግን እርሳስና ደብተር ካለ ይጀመራል።

አዲስ ደብተር ገዛሁላት። የቆሎ ሁለት ቀን ትርፍ ወሰደ። ስትጀምር ግን አያቷን ማስታወስ አቃታት፤ ሰባት ዓመቷ ነበር እኮ ስንለያይ። «አፍንጫዋ እንዲህ አልነበረም፣ ሰፋ አድርጊው» አልኳት። «እጇስ?» አለችኝ። ከጥጥ ፈትል የሻከረ መሆኑን፣ ሲመሽባት ከራሷ ጋር እያወራች በሩን እንደምትዘጋ፣ እህል ስትሰፍር ጥርሷን ነክሳ እንደምትቆጥር ነገርኳት። ልጄ የማታውቀው ብዙ ነገር ነበር። እኔም ለማንም ነግሬው የማላውቀው። አሁን ማታ ማታ እኔ ቆሎ እየለቀምኩ እናገራለሁ፣ እሷ ትሥላለች። በዚህ ሥራ ጸሐፊውና ሠዓሊው ሁለት ሰው ቢሆኑ ነውር የለውም አሉ።

ያቺ የተመለሰችው ገጽ ከአዲሱ ደብተር መጀመሪያ ተለጥፋለች።

ወገኖቼ፣ ልጃችሁ ወረቀት ላይ የሚሞነጫጭረውን አንድ ጊዜ ጠጋ ብላችሁ እዩት። «ይሄ ማነው?» ብላችሁ ጠይቁት። እኔ አሁን ቆሎ የምጠቀልልበትን ወረቀት ሁሉ አስቀድሜ አነባለሁ።

በዚህ መንገድ የምታልፉ ሾፌሮችም ካላችሁና ይህ ጽሑፍ እጃችሁ ከገባ፣ ጋቢናችሁን ፈተሽ አድርጉልኝ። ሠላሳ ጥቅልል ነበር፣ የተመለሰው አንድ ነው። ሴትዮዋ ቡና ስታፈላ ያለችበት ገጽ ካገኛችሁ፣ የቆሎው ዋጋ በእኔ ነው።