ከአባታችን መዝገብ የጎደለው ስም

በቤተሰባችሁ ውስጥ «ወረቀቱ አለ» እየተባለ የሚነገርለት፣ ነገር ግን ማንም ገልጦ ያላነበበው የፍርድ ቤት ውሳኔ ይኖር ይሆን? በእኛ ቤት ነበረ። የመጋቢ ሚስት እንደመሆኔ ከባለቤቴ ጋር በውርስ የተጣሉ ወንድማማቾችን ስናስታርቅ ብዙ ጊዜ አምሽተናል። ነገሩ ወደ ገዛ ቤቴ ሲመጣ ግን የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ዲፕሎማዬም ሆነ የአገልግሎት ዘመኔ አላዳነኝም።

አባታችን በ1982 ዓ.ም. ቦኬ ላይ ሲያርፍ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከተማው ውስጥ አንድ ቆርቆሮ ክዳን ቤት ትቶልን ሄደ። እናታችን ቡና እየነገደች ሦስታችንን አሳደገችን። እርሷም በ2014 ዓ.ም. ወደ ጌታ ሄደች። የለቅሶው ድንኳን ከተነሣ ብዙም ሳይቆይ ታላቅ ወንድሜ «ቤቱ በፍርድ ቤት ለእኔ ተወስኗል፤ ወረቀት አለ» አለ። ታናሽ እኅቴ አለቀሰች፤ እኔ ተቆጣሁ። እሑድ ለእኅቶች ስለ ይቅርታ አስተምራለሁ፤ ሰኞ ወንድሜ ሲደውል ስልኩን አላነሣም። እውነቱን ልናገር፣ መዝገቡን ፍለጋ የወጣሁት ልረታው እንጂ ልታረቀው አልነበረም።

መዝገቡ የት ይገኛል?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እስከ ዛሬ የውርስን ጉዳይ ይገዛል። በቁጥር 826 መሠረት ውርስ የሚከፈተው ሟቹ በሞተበት ጊዜ ዋና መኖሪያው በነበረበት ቦታ ነው። ስለዚህ ልጆች አዲስ አበባም ይኑሩ ባሕር ማዶ፣ ፍለጋው የሚጀመረው አባት ወይም እናት ይኖሩበት ከነበረው አገር ነው። በቁጥር 996 ደግሞ ወራሾች የወራሽነት የምስክር ወረቀት ከፍርድ ቤት መጠየቅ ይችላሉ። የብዙ ቤተሰብ «ወረቀት» ይኸው ነው።

መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ቦኬ ወረዳ ፍርድ ቤት ነበር። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ የመዝገብ ቁጥር ጠየቀኝ፤ አልነበረኝም። «እንግዲያው የሟቹን ስም እስከ አያት፣ ያመለከተውን ሰው ስምና ዓመቱን ንገሪኝ» አለኝ። የድሮውን ባሕር መዝገብ በትዕግሥት ገልብጦ አጣው። «በዚያ ዘመን ጉዳዩ በአውራጃ ፍርድ ቤት ታይቶ ይሆናል። አውራጃ ከቀረ ቆየ፤ ጭሮ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሂጂና ጠይቂ» ሲል መከረኝ።

ወደ ጭሮ፣ ወደ ቀድሞዋ አሰበ ተፈሪ፣ ስጓዝ ዕዝራ ምዕራፍ 6 ትዝ አለኝ። ንጉሥ ዳርዮስ የቂሮስን ትእዛዝ በባቢሎን መዝገብ ቤት አስፈለገ፤ ጥቅልሉ የተገኘው ግን ርቆ በሜዶን አገር ነበር። መጀመሪያ በጠየቃችሁበት ቦታ ስለታጣ ብቻ መዝገቡ ጠፍቷል ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ።

ጭሮ ላይ ለሬጅስትራሩ ማመልከቻ አስገባሁ። የኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ በዚያው ቋንቋ አጻፍኩት። ማን እንደሆንኩ፣ ለሟች ምኑ እንደሆንኩ፣ የየትኛውን ዓመት ውሳኔ ለምን እንደምፈልግ ገለጽኩ፤ የመታወቂያዬን ኮፒም አያያዝኩ። በሦስተኛው ምልልሴ በሲባጎ የታሰረ አቧራ የለበሰ መዝገብ ወጣልኝ። የግልባጩን ክፍያ ከፍዬ ማኅተም ያረፈበትን ግልባጭ ተቀበልኩ።

የእናቴ አሻራ

ውሳኔውን ብቻ ሳይሆን የመዝገቡን ወረቀቶች ሁሉ እንዲገለብጡልኝ ጠይቄ ነበር። ውሳኔው በአማርኛ የተጻፈ ሲሆን ሦስታችንን በእኩል ወራሾች ይላል። ወንድሜ ተሳስቷል! እዚያው በረንዳው ላይ ቆሜ «ጌታ ሆይ ተመስገን» አልኩ። ከዚያ የእናቴን ማመልከቻ አነበብኩ። ሟች ከእነዚህ ከሦስቱ በቀር ሌላ ልጅ የለውም ይላል። ከሥሩ የሦስት ምስክሮች ቃል አለ። ፊደል ያልቆጠረችው እናቴ በአውራ ጣቷ ፈርማበታለች።

ውድ አንባቢ፣ እኛ ግን አራት ነን።

አባታችን እናታችንን ሳያገባ በፊት ከሌላ ሚስት የወለዳት ታላቅ እኅት አለችን። እታለም እንላታለን። በዴሳ ከእናቷ ዘንድ ብታድግም በልጅነቴ ጸጉሬን እየሠራች ተረት ታወራልኝ ነበር። አባታችን ከሞተ በኋላ መምጣቷን ቀነሰች። ለምን ብዬ ግን አንድ ቀን እንኳን አልጠየቅሁም።

እናቴን ልወቅስ አልጻፍኩም። በሠላሳ ዓመቷ ሦስት ልጆች ይዛ የቀረች መበለት ነበረች፤ የባሏ ዘመዶች ቤቱን እንዳይነጥቋት ትፈራ ነበር። በሕጉ ሚስት ኑዛዜ ከሌለ ባሏን አትወርስም፤ ነገር ግን ከጋራ ንብረታቸው ግማሹ ከመጀመሪያውም የራሷ ነው። ወደ ውርስ የሚገባው የሟቹ ግማሽ ብቻ ሲሆን፣ እርሱን ልጆቹ ሁሉ በእኩል ይካፈሉታል (ቁጥር 842)። እናቴ ይህን የሚነግራት ሰው ብታገኝ ኖሮ ያ ማመልከቻ እንዲያ ባልተጻፈ ነበር ብዬ አስባለሁ። እኅቶች ሆይ፣ ሕጉን አለማወቅ ሰውን ወደ ኃጢአት እንደሚገፋ ከዚህ ተማርኩ።

ይርጋ

አንድ ጠበቃ አማከርን። የውርስ አቤቱታ መብቱን ካወቁ ሦስት ዓመት፣ በጠቅላላው ደግሞ አሥራ አምስት ዓመት ካለፈው በይርጋ ሊዘጋ እንደሚችል (ቁጥር 1000)፣ እንደ ጉዳዩ ሁኔታ ግን እንደሚለያይ ነገረን። ወንድሜ እፎይ አለ። እኔም፣ ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ ለአንድ አፍታ እፎይ አልኩ። ግልባጩ ከእኔና ከእርሱ በቀር በማንም እጅ አልነበረም። መቅደድም ይቻል ነበር።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ዘኬዎስ የቀማውን ሲመልስ ስንት ዓመት እንዳለፈው አልቆጠረም። ይርጋ የዳኛውን በር ሊዘጋ ይችላል፤ የእግዚአብሔርን ግን አይዘጋም። ባለቤቴን ቀስቅሼ ነገርኩት። «እንግዲህ በዴሳ እንሂድ» አለኝ፤ ሌላ አልተናገረም።

ከታናሽ እኅቴ ጋር ሆነን ሄድን። ወንድሜ አልመጣም። ለእታለም ወረቀቱን እያለቀስኩ አነበብኩላት። የእማማን አሻራ አሳዩኝ አለችና በጣቷ ዳሰሰችው። «ፈርታ ነው እኮ» አለች። ጥቂት ዝም ብላ ቆይታ «እኔ ግን አባቴ ሲሞት እዚያው ነበርኩ። ከእናንተ ጋር አልቅሻለሁ። እንዴት ሌላ ልጅ የለውም ይባላል?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

በሕጉ ስሌት የእታለም ድርሻ የአባታችን ግማሽ አንድ አራተኛ፣ ማለትም ከቤቱ አንድ ስምንተኛ ነው። እኛ ግን አራት እኩል እንካፈል አልን። ወንድሜ በሽማግሌ እጅ ከአምስት ወር በኋላ ተስማማ። ከዚያም ስሟ ተጨምሮ አዲስ የወራሽነት ማስረጃ እንዲሰጥ ለፍርድ ቤት አመለከትን፤ ዛሬ የአራታችንም ስም የሚነበብበት ወረቀት አለን። ወንድሜና እኔ አሁንም እንደ ድሮው አይደለንም፤ ሲደውል ግን አነሣለሁ። እታለም በበዓል ትመጣለች፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም።

ለእናንተ የምመክረው

ወላጆቻችሁ በሕይወት ሳሉ የልጆቹን ሁሉ ስም፣ ከሌላ ትዳር የተወለዱትንም ጨምራችሁ፣ በግልጽ ተነጋገሩ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ሴቶች በውርስ ከወንዶች እኩል መብት እንዳላቸው ይናገራል፤ ሴት ልጃችሁን «ባል ቤት አላት» ብላችሁ አትዝለሏት። የመዝገብ ቁጥሩን በቤተሰብ መጽሐፍ ቅዱሳችሁ የመጨረሻ ገጽ ላይ ጻፉት። ኤርምያስ የርስቱን ውል ብዙ ዘመን እንዲቆይ በሸክላ ዕቃ አስቀምጦት ነበር፤ እናንተም ግልባጩን ከአንድ ሰው በላይ እጅ አኑሩት። ውሳኔው በአፋን ኦሮሞ ሆኖ ሌላ ክልል የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ፈቃድ ባለው ተርጓሚ አስተርጉሙት። በእኛ አገር ብዙ ጎረቤቶቻችን ሙስሊሞች ናቸው፤ ወገኖች ፈቅደው ጉዳያቸው በሸሪዓ ፍርድ ቤት ከታየ መዝገቡን እዚያ ይጠይቁ።

ከሁሉ በፊት ግን መዝገብ ልታወጡ ስትሄዱ እንዲህ ብላችሁ ጸልዩ፦ ጌታ ሆይ፣ የምፈልገውን ብቻ ሳይሆን የማልፈልገውንም ባገኝ እንድታዘዝ እርዳኝ። እኔ ሳልጸልይ ነበር የሄድኩት፤ እርሱ ግን በምሕረቱ አልተወኝም።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።